የዳይኖሰር አጥንት በጀሶ መጠቅለል፦ ክረምቱን ባሕር ዳር ተለማምዶ በበጋ ለቁፋሮ መውጣት

ቁፋሮ ላይ አጥንት የሚሰባበረው መጨረሻው ግማሽ ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ጎንበስ ብላችሁ በወስፌ የገለጣችሁት ነገር፣ ከመሬት ሲነሳና ሲገለበጥ ፍርክስ ይላል። ከዚያ በኋላ ቢለቀም ምን ዋጋ አለው? የትኛው ስብርባሪ ከየትኛው ጋር እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ለዚህ ነው አጥንቱን ከነአፈሩ፣ ጀሶ በተነከረ ጆንያ ጠቅልለን የምናነሳው።

ባለፉት ሁለት ክረምቶች ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ከተማሪዎች ጋር ስንለማመድ ከርመናል። የሚሳሳቱት ሁልጊዜ እነዚያው አራት አምስት ቦታዎች ላይ ነው። ስለዚህ ከእነሱ ጋር የሠራነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው። አንብባችሁ ብቻ አትተዉት። አንድ የበሬ አጥንት ግዙና ሥሩት።

መጀመሪያ ይህንን እወቁ

ጣና ዳር ዳይኖሰር አይቆፈርም። የሚጠይቀኝ ሰው ስለማይጠፋ ነው የማስቀድመው። ባሕር ዳር የቆመችው ከእሳተ ገሞራ በፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው፤ ጢስ ዓባይ የሚወረወርበትም ያው ባዛልት ነው። በዚህ ደጋ ላይ ከፈሰሰው ባዛልት አብዛኛው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፣ የከተማችን ዙሪያ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ዳይኖሰሮች የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። አይገናኙም።

የሚፈለገው ድንጋይ ከባዛልቱ ሥር ያለው ነው። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን ጠመዝማዛ አስታውሱ። ከላይ ጥቁሩ ድንጋይ አለ፣ ዝቅ ስትሉ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፣ ከዚያ ጀሶ ያለበት ንብርብር፣ ከዚያ አሸዋ ድንጋይ። የኖራ ድንጋዩም ጀሶውም የጁራሲክ ዘመን ናቸው። በዚሁ በሰሜን ምዕራብ ደጋ፣ ሙገር በሚባለው የጭቃ ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች መገኘታቸው በ1999 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በጎንደር በኩል ያለው የጭልጋ ቅሪተ አካል ግን 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ እዚያ ያሉት የዝሆን ዘመዶችና ሌሎች አጥቢ እንስሳት ናቸው። የአጠቃለሉ ዘዴ ለሁሉም አንድ ነው።

በራሳችሁ እንዳትቆፍሩ! የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል። ድንገት ያገኘም ሰው ማሳወቅ አለበት። እርሻ ዳር ወይም መንገድ ሲቆረጥ አጥንት የሚመስል ድንጋይ ካያችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን በስልካችሁ መዝግቡ፣ አትንኩት፣ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂዱና ንገሩ። ቁፋሮ የምትወጡት ፈቃድ ካለው ቡድን ጋር ብቻ ነው።

ለምን በክረምት? አሜሪካና ካናዳ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ዳይኖሰር ለመቆፈር የሚወጡት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። ለእነሱ በጋ ነው። እኛ ዘንድ ያ ወቅት ዶፍ ነው፤ የተከፈተ ጉድጓድ በአንድ ሌሊት ኩሬ ይሆናል። ተማሪው ግን ጊዜ ያለው ያኔ ነው። ክረምቱን ታዛ ሥር ተለማመዱበትና በጋ ላይ እጃችሁ ሥራውን የሚያውቅ ሆኖ ውጡ።

ደረጃ 1፦ ዕቃ ሰብስቡ

ጀሶ። ከግንባታ ዕቃ መደብር 10 ኪሎ ግዙ። አንዱ ጥቅል እኛ ጋ ወደ 5 ኪሎ ይበላል፣ የቀረው ለስህተት ነው። ከረጢቱን ከውጭ ጫን ጫን አድርጋችሁ ዳብሱት። ጓል ጓል የሚል ከሆነ እርጥበት ጠጥቷልና ተዉት። ቤት ስታደርሱት አንድ ስኒ በጥብጣችሁ ሞክሩት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በጥፍራችሁ የሚጫር ከሆነ መልሱት። ባሕር ዳር ክረምት ላይ ጀሶ በሁለት ሳምንት ይበላሻል፣ መሬት ላይ ካስቀመጣችሁትማ ከዚያም ይፈጥናል። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከፍ አድርጉት።

ጆንያ። የቃጫው ጆንያ ነው የሚፈለገው። ማዳበሪያ አይሆንም! ብዙ ሰው ገና እዚህ ላይ ይወድቃል፣ ምክንያቱም ማዳበሪያ ርካሽ ነው፣ በየቤቱም አለ። ግን ላስቲክ ነው፤ ጀሶ አይጠጣም፣ ሲደርቅ እንደ ልጣጭ ይላቀቃል። ቅዳሜ ገበያ የእህል ነጋዴዎቹ ዘንድ አሮጌ የቃጫ ጆንያ ጠይቁ። የተቀደደም ይሁን፣ መቆረጡ አይቀርም።

ሌላው ቀላል ነው። ወስፌ (ሰፌድ የሚሰፋበቱ፣ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላየሁም)፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ትንሽ መሮና መዶሻ፣ ቢላዋ፣ ሶፍት፣ ሁለት የላስቲክ ሳፋ፣ የላስቲክ ጓንት፣ ማስክ፣ ውሃ የማያስለቅቀው ማርከር፣ ክንድ የሚያህሉ ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨቶች።

ደረጃ 2፦ አጥንቱን ቅበሩ

ከሥጋ ቤት የበሬ ቅልጥም ወይም የታፋ አጥንት ለምኑ። ቀቅሉት፣ ጋጡት፣ ፀሐይ ላይ አንድ ሳምንት ይድረቅ። ከዚያ በመዶሻ ሁለት ሦስት ቦታ ስንጥቅ አድርጉት። ይህንን አትዝለሉ። የቅሪተ አካል አጥንት ሲገኝ ብዙ ጊዜ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ጤነኛ አጥንት ላይ ብትለማመዱ ምንም አትማሩም።

ታዛ ሥር፣ ዝናብ የማይመታው ቦታ፣ ጭቃና አሸዋ እኩል ቀላቅላችሁ ቅበሩትና አስር ቀን ይድረቅ። የሐይቅ ዳር አሸዋ ብቻውን አይሆንም፣ ይፈሳል።

ደረጃ 3፦ ግለጡ፣ ግን አትጨርሱ

1. ከላይ ያለውን አፈር በቢላዋና በወስፌ አንሱ። ወስፌውን ወደ አጥንቱ አትውጉ፤ ከአጥንቱ ወደ ውጭ ግፉ።
2. የአጥንቱ ላይኛው ገጽ ሲታይ አቁሙ። ጎኑን እስከ ታች መግለጥ ያምራል፣ ሁሉም ሰው ያጓጓዋል፤ ግን አጥንቱን የያዘው ያ አፈር ነው።
3. ከአጥንቱ ዙሪያ አራት ጣት ያህል አፈር ትታችሁ ቦይ ቆፍሩ። ቦዩ ከአጥንቱ በታች ቢያንስ አንድ ስንዝር ይውረድ።
4. አሁን ከሥር በኩል ትንሽ ትንሽ ሸርሽሩ፣ ቅርጹ እንጉዳይ እስኪመስል። ላዩ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን።

ከአራት ጣት በላይ አፈር አትተዉ። የአንድ ሊትር አፈር ክብደት ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል። 40 በ20 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥቅል 20 ኪሎ ያልፋል። በዓባይ በረሃ ሙቀት ዳገቱን የምትወጡት እናንተ ናችሁ፣ መኪና ጉድጓዱ ድረስ አይመጣም።

ስብርባሪ ከተነሳ፦ ወዲያው ቦታውን ፎቶ አንሱ፣ ስብርባሪውን በሶፍት ጠቅልላችሁ ቁጥር ጻፉበት፣ ከዋናው ጋር አያይዙት። ኪስ ውስጥ አይገባም። ለደቂቃም ቢሆን።

ደረጃ 4፦ ስንጥቁን አጠንክሩ

መስክ ላይ የሚሠራበት ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባል ሙጫ ነው፤ በአሴቶን ይሟሟል። ቀጭን አድርጋችሁ በስንጥቁ ላይ ጠብ ጠብ ታደርጉታላችሁ፣ ራሱ ስቦ ይገባል። ጥቅሙ፣ ከዓመታት በኋላም በአሴቶን መልሶ ይለቃል። የእንጨት ኮላ አትጠቀሙ፤ ከደረቀ በኋላ አጥንቱን ሳይጎዱ ማስለቀቅ ከባድ ነው። ሱፐር ግሉም የቡድኑ ኃላፊ ካላዘዘ አይነካም። ለልምምዱ ፓራሎይድ ካላገኛችሁ ይህንን ደረጃ እለፉት፣ ችግር የለም።

አጥንቱ እርጥብ ከሆነ ሙጫው ነጭ ሆኖ ላይ ላዩን ይቀራል። ጠብቁ፣ ይድረቅ። አሴቶን እሳት ይወዳል። ከሰል አጠገብ፣ ሲጋራ አጠገብ፣ በፍጹም።

ደረጃ 5፦ ሳትሸፍኑ መዝግቡ

ከሸፈናችሁ በኋላ አይታይም። ፎቶ ከላይ አንሱ፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ አድርጉ፣ ሰሜን ወዴት እንደሆነ በቀስት አሳዩ። ደብተር ላይ በእርሳስ ሣሉት። እስክሪብቶ ላብ ሲነካው ይፈሳል። ቀን፣ ቁጥር፣ ጂፒኤስ፣ የቆፋሪው ስም።

ደረጃ 6፦ ሶፍት አልብሱ

ሶፍቱን ውሃ ነክራችሁ አጥንቱ ላይ በብሩሽ መታ መታ እያደረጋችሁ ለጥፉ። ስድስት ሰባት ድርብ ይሁን፣ ጎድጓዳው ቦታ ላይ ጨምሩ። ሥራው ጀሶው አጥንቱን እንዳይዘው መለየት ነው። ሶፍት የረሳ ሰው ሽፋኑን ሲከፍት የአጥንቱን ቆዳ አብሮ ይገሽልጠዋል። የአጥንት ቀለም የሚታይ ቦታ አንድም እንዳይቀር። ነፋስ ካለ ሶፍቱ ቶሎ ይደርቃልና ይነሳል፤ ውሃ እየረጫችሁ ያዙት።

ደረጃ 7፦ ጀሶውን በጥብጡ

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ሥራው ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ነው።

ጆንያውን አስቀድማችሁ ቁረጡ፦ ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 50 ገደማ፣ ሃያ ያህል ቁራጭ። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ንከሯቸውና ጨምቃችሁ ደርድሯቸው። ደረቅ ጆንያ የጀሶውን ውሃ ይጠጣበታል፣ ያን ጊዜ ጀሶው ሳይጠነክር ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ጓንትና ማስክ አድርጉ። ሁሉም ሰው ቦታውን ይያዝ፦ አንዱ ይበጥብጥ፣ አንዱ ያቀብል፣ ሁለቱ ይለጥፉ። ጀሶ ከተበጠበጠ በኋላ ማርከር ፍለጋ መሮጥ የለም።

1. ሳፋው ንጹሕ ይሁን። የድሮ ጀሶ ፍርፋሪ ካለበት አዲሱ በሦስት በአራት ደቂቃ ሊደርቅባችሁ ይችላል። ሙቅ ውሃም እንደዚሁ ያፈጥነዋል፣ ጨውም።
2. መጀመሪያ ውሃውን አድርጉ። ለ1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ተኩል ገደማ ጀሶ ይሄዳል።
3. ጀሶውን በእጃችሁ ውሃው ላይ ነስንሱ። ውሃው ላይ እንደ ደሴት ብቅ ብሎ መስጠም ሲያቆም በቃ።
4. አንድ ደቂቃ አትንኩት። ራሱ ይጠጣ።
5. እጃችሁን ወደ ታች አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ አማስሉ። አትምቱት፣ አየር ይገባበታል። ወፍራም እርጎ ሲመስል ደርሷል።

መጀመሪያ ሰሞን እኔ ውሃውን ጀሶው ላይ ነበር የምገለብጠው። ሁሌ ይጓጉላል፣ ምክንያቱ አልገባኝም። አንድ ቀን የግቢው ባለቤት፣ እማማ እንላቸዋለን፣ ደጃፋቸው ላይ ቡና እየቆሉ ሲያዩኝ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ገንፎ ሲገነፋ አይተህ አታውቅም እንዴ? ዱቄቱን ነው ውሃው ላይ የሚነሰንሱት፤ ውሃውን ዱቄቱ ላይ ከደፋህማ ይጓጉላል» አሉኝ። ምጣዱን አስቀምጠው መጡና ከእጄ ላይ ጀሶ ቆንጥረው፣ በጣታቸው እያሹ፣ ውሃው ላይ እንደ በርበሬ ነሰነሱት። ያ እጃቸው ዛሬም ይታየኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ጓል አላየሁም።

ማሰሪያ (ጀሶ ውስጥ የተነከረውን የጆንያ ቁራጭ) ለመለጠፍ ያላችሁ ጊዜ ስምንት ዐሥር ደቂቃ ነው። መወፈር ከጀመረ ውሃ አትጨምሩበት። ውሃ የጨመራችሁበት ጀሶ ይደርቃል፣ ግን በጣት ተጭኖ ይፈረፈራል። ጣሉትና አዲስ በጥብጡ። ስትጥሉም ጉድጓድ ውስጥ እንጂ በቧንቧ መውረጃ አይሁን፣ ይደፍነዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጀሶ ሲጠነክር ይሞቃል። እጃችሁን ወፍራም ጀሶ ውስጥ ከታችሁ ማቆየት ክፉኛ ያቃጥላል። ልጆች ግቢው ውስጥ ካሉ አርቋቸው።

ደረጃ 8፦ ማሰሪያውን ልበዱ

1. አንዱን ቁራጭ ጀሶው ውስጥ ንከሩ፣ በሁለት ጣት መሐል ሳቡት፣ ትርፉ ይውረድ።
2. መጀመሪያ በእንጉዳዩ አንገት ዙሪያ፣ ከሥሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ። ስትገለብጡት አፈሩን የሚይዝላችሁ ይህ መታጠፊያ ነው።
3. ከዚያ በላዩ ላይ አቋርጡ። እያንዳንዱ ቁራጭ የጎረቤቱን ግማሽ ይሸፍን።
4. በመዳፋችሁ እሹት። ከሥሩ አየር ካለ ከበሮ ድምፅ ይሰጣል።
5. ሁለተኛውን ድርብ በሌላ አቅጣጫ። ሦስተኛውን ለትልቅ ጥቅል።
6. እንጨቶቹን በርዝመቱ አስቀምጡና በማሰሪያ እሰሯቸው። መያዣም ይሆናሉ፣ እንዳይታጠፍም ይጠብቃሉ።

ስታንኳኩት ጀበና እንደማንኳኳት ድምፅ እስኪሰጥ ጠብቁ። በበጋ አንድ ሰዓት ይበቃል። ክረምት ላይ ባሕር ዳር ግን ይጠነክራል እንጂ ውሃው አይወጣለትም፤ ቀዝቃዛና ከባድ ሆኖ ይቆያል። እስከ ማግሥቱ ተዉት።

ደረጃ 9፦ ገልብጡ

ልብ የሚመታበት ደረጃ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ጎበዝ ተማሪ፣ ስምንቱንም ደረጃ ሳይሳሳት የሠራ ልጅ፣ እዚህ ላይ ቸኮለ። አንገቱን ሳያሳንስ በአካፋ ፈነቀለው። ሽፋኑ ባዶ ቆብ ሆኖ በእጁ ቀረ፣ አጥንቱ አፈሩ ውስጥ አምስት ቦታ ሆነ። ልጁ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። እኔም ብሆን ቀርቤ ማየት ነበረብኝ።

1. አንገቱን ከሁለት ጎን ሸርሽሩ፣ ከመጀመሪያው ውፍረቱ ሲሶው ብቻ እስኪቀር።
2. ሽፋኑን በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጉ። አፈሩ ከሽፋኑ ጋር አብሮ ካልተንቀሳቀሰ ውስጡ ላላ ማለት ነው። አቁሙ። በአንገቱ ሥር ቀዳዳ አሳልፋችሁ ሁለት ማሰሪያ ከሥር አዙሩና ከላይኛው ሽፋን ጋር አገናኙ፣ እንደ መቀነት። ይድረቅ።
3. የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድማችሁ አሸዋ በሞላ ጆንያ አንጥፉ። ሐይቅ ዳር ለምትለማመዱ ደረቅ ደንገልም ጥሩ ነው።
4. አንድ ሰው ብቻ ይቁጠር። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲል ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገልብጥ። በዝግታ አይደለም። በዝግታ ስትገለብጡት ግማሽ መንገድ ላይ አፈሩ ይወርዳል። ባንድ ትንፋሽ።
5. ከተገለበጠ በኋላ ትርፉን አፈር ከሥሩ ቀንሱ፣ ሶፍት አልብሱ፣ ክፍቱን በማሰሪያ ዝጉ።

ጥቂት አፈር ቢፈስ አትደንግጡ። የፈሰሰውን ሰብስባችሁ በከረጢት፣ ቁጥሩን ጽፋችሁ፣ አብራችሁ ላኩት። ትንንሽ ጥርስ የሚገኘው እንዲህ ዓይነት አፈር ታጥቦ ሲነፋ ነው።

ሽፋኑ ላይ በማርከር ትልቅ አድርጋችሁ ጻፉ፦ ቁጥር፣ ቀን፣ የሰሜን ቀስት፣ «ላይ» እና «ታች»። ሁለት ቦታ ላይ፣ አንዱ ቢፋቅ ሌላው ይኑር።

ደረጃ 10፦ በጋ ላይ ካምፑ

አጥንት የሚሰብረው የደከመ ሰው ነው። ስለዚህ ራሳችሁን ያዙ።

ሥራ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ከዚያ ጥላ፣ ከዚያ ከ9 ሰዓት እስከ 12። በቀትር ጀሶ አትበጥብጡ፣ ውሃው ራሱ ይሞቃልና እጃችሁ ላይ ይደርቃል። ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር የመጠጥ ውሃ ያዙ፤ የጀሶው ውሃ ለብቻው ነው፣ እሱን ሳያሰሉ ወጥተው ሥራ ያቆሙ አይቻለሁ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ከምንም ይሻላል፤ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም። ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ፣ አጎበር። ጠዋት ጫማችሁን ሳታራግፉ አታጥልቁ፣ ጊንጥ አለ። ድንጋይም ስታነሡ ወደ ራሳችሁ አታንሡት፣ ጠርዙን ከወዲያ በኩል ከፍ አድርጉ።

የአካባቢው ሰው ሲመጣ ሥራ አቁማችሁ ሰላም በሉ፣ ምን እንደምትሠሩ አሳዩ። ቦታውን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ቡድኑ ከሄደ በኋላ የሚጠብቁትም እነሱ።

ደረጃ 11፦ የልምምዱን ጥቅል ክፈቱ

ሁለት ሳምንት ጠብቁና ሽፋኑን በመጋዝ በጎኑ ዙሪያ ቁረጡ። ክዳኑን አንሱ፣ ሶፍቱን በውሃ አርጥባችሁ ላጡ። ደረጃ 2 ላይ ያደረጋችሁትን ስንጥቅ በደብተራችሁ ካለው ሥዕል ጋር አስተያዩ። አዲስ ስንጥቅ ካለ የት እንደሆነ እዩ፦ ላዩ ላይ ከሆነ ሶፍቱ አንሷል፣ መሐሉ ላይ ከሆነ እንጨት አላሰራችሁም፣ ታችኛው በኩል ከሆነ አንገቱን አብዝታችሁ ሳትሸረሽሩ ገልብጣችኋል። ያንኑ አጥንት መልሳችሁ ቅበሩት። እኛ ጋ አብዛኛው ሰው በሦስተኛው ነው የሚሳካለት።